ቀጋው አልነበረም፦ ስሜን ተራሮችን ለምትወጡ

ስሜን ተራሮች ላይ ታናሽ ወንድሜን ላጣው ነበር። አሁን ደህና ነው፤ ሥራውን እየሠራ፣ ኳሱን እየተጫወተ ነው። ይህን የምጽፈው ጥቅምትና ኅዳር በመጣ ቁጥር ብዙ ወጣቶች ሻንጣቸውን አዝለው ወደ ደባርቅ ሲሄዱ ስለማይ ነው። አብዛኞቹ የሚያውቁት ፎቶውን ነው። ጭላዳ ዝንጀሮውን፣ ገደሉን፣ ጅብራ የሚባለውን ግዙፍ ተክል። ከፍታው ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚነግራቸው ብዙ ጊዜ የለም። ለእኛም የነገረን አልነበረም።

የሄድነው የመሥሪያ ቤት ልጆች ተሰባስበን ነው። ወንድሜ በእኔ በኩል ገባ። ከመካከላችን እንደ እሱ ጉልበት ያለው አልነበረም። እንጦጦን በሩጫ የሚወጣ ልጅ ነው። "እኛ እኮ ደገኞች ነን፤ ተራራ ብርቃችን ነው እንዴ?" ይል ነበር። ሁላችንም የምናስበው እንደዚያው ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ይሄ እውነት ነው። ስሜን ላይ የምታድሩት ግን ከዚያም አንድ ሺህ ሜትር ያህልና ከዚያ በላይ ከፍ ብላችሁ ነው። አባቶቻችን አገሩን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብለው ሲከፍሉ ከደጋ በላይ ያለውን "ውርጭ" ብለውታል። ግጭና ጨነቅ የሚባሉት የድንኳን ሰፈሮች ያሉት እዚያ ውርጩ ውስጥ ነው። ገብስ ካልሆነ ሌላ እህል እምብዛም የማይደፍረው አገር ነው።

ጉዞውን ያዘጋጀልን ሰው ቀን ለመቆጠብ ብሎ መርሐ ግብሩን አጣበበው። ማለዳ ከጎንደር ተነሱ፣ ደባርቅ ተመዝገቡ፣ ሳንቃበርን እለፉ፣ ከዚያ በእግር፣ ማታ ግጭ እደሩ። ጎንደር 2,100 ሜትር አካባቢ ናት። ግጭ 3,600። በአንድ ጀምበር አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ወጣን ማለት ነው። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ምንም አይመስልም። ርካሽም ነበር።

ከደባርቅ ወጣ እንዳልን፣ የፓርኩ መግቢያ ቡይት ራስ ሳንደርስ፣ ልጆች ቀጋ ይዘው መኪናውን ከበቡን። ቀጋ ለማታውቁት፣ እሾኻማው የዱር ጽጌረዳ የሚያፈራት ቀይ ብርቱካንማ ፍሬ ናት። አንዷ ልጅ አበላሉን አሳየችን። ፍሬዋን በጥፍሯ ሰነጠቀቻት። ውስጥ ያለውን ጸጉራም ዘር በአውራ ጣቷ ጥርግ አድርጋ ጣለችው። ልጣጩን ብቻ አፏ ውስጥ ከተተችው። "ዘሩ ይከረክራል፣ እንዳትውጡት" አለች። እውነቷን ነው፤ የዘሩ ጸጉር ጉሮሮ ይቧጥጣል፣ ሲወጣም ያሳክካል። ወንድሜ ጣዕሟን ወደዳት። የጃኬቱን ኪስ ሞልቶ ገዛ። ይህቺን ኪስ ያዙልኝ፤ በኋላ ብዙ ሰዓት አስበልታናለች።

ግጭ ስንደርስ መሽቷል። ብርዱ ይቆርጣል። እራት ቀረበ፤ ወንድሜ አልነካውም። "ደክሞኝ ነው" አለ። ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ጠዋት ላይ የራስ ምታት ክኒን ከእኛ ደብቆ እንደዋጠ የነገረን ካገገመ በኋላ ነው። ለምን ደበቅህ ስለው "ሰው ሁሉ ከፍሎ መጥቶ በእኔ ምክንያት ይመለስ?" አለኝ። ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ከተማ ውስጥ ጨዋነት ነው፤ ተራራ ላይ ግን ይገድላል። ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙልኝ። ራሳችሁን ሲያማችሁ ወዲያው ተናገሩ። አብሯችሁ ያለውንም ደጋግማችሁ ጠይቁ፤ "ደህና ነኝ" ሲላችሁ ቶሎ አትመኑት። ምግብ እንቢ ያለውን፣ ዝም ያለውን፣ ከኋላ የቀረውን ሰው ልብ በሉ።

በማግስቱ እሜት ጎጎ ወጣን፤ 3,926 ሜትር ነው። ከዚያ በእናትዬ በኩል ወደ ጨነቅ ቀጠልን። እናትዬ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ላይ ወንድሜ አስታወከ። የሁላችንም ዓይን ወደ ኪሱ ሄደ። "ቀጋው ነው!" አንዱ ሎሚ ይምጠጥ አለ። አንዱ በደንብ ያስታውክና ይወጣለታል አለ። ወጥ ቤቱ ጦስኝ አፍልቶ ሰጠው። ያገኘነው ምክንያት ልብ የሚያሳርፍ ነበርና ሁላችንም ያዝነው። የሆድ ነገር ነው፣ ይሻለዋል ብለን መንገድ ቀጠልን።

ጨነቅ ስንገባ አመሻሽ ሆነ። ወንድሜ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ይዟል። ሊያስር ይሞክራል፤ ያጠላልፈዋል፣ ይፈታዋል፣ እንደገና ያጠላልፈዋል። "ምን ሆነህ ነው?" ስለው ቀና ብሎ አየኝና ሌላ ነገር መለሰልኝ። ስለ ኳስ። ሊነሳ ሲል ወደ ግራ ተንገዳገደ፤ ያዝኩት።

አብረውን የነበሩት ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ ማለት ነው፣ ይህን ሁሉ ቆመው ሲያዩ ነበር። እድሜያቸው የገፋ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ጠጋ አሉና ጠየቁኝ። "እታለም፣ ከቀጋው ሌላ የቀመሰው ቅጠል አለ? ከመንገድ ያነሳው ፍሬ?" የለም አልኳቸው። "እንግዲያ ቀጋ ሰው አያንገዳግድም። እኛ ከከብት ኋላ ስንውል እሱን በልተን ነው ያደግነው። ሆድ ቢነፋ ነው፣ ቢበዛ ቢያስቀምጥ። ይሄ ከፍታው ነው። ወንድምዓለም ዛሬውኑ ይውረድ። ነገ አይባልም።"

ያዳነን ይሄ ነው። እኛ የፍሬውን ጠባይ ስለማናውቅ በሽታውን ፍሬው ላይ ለጠፍነው። እሳቸው ግን ፍሬውን ከልጅነታቸው ያውቁታል። ስለሚያውቁትም ከጥርጣሬ አወጡት። የቀረው ከፍታው ብቻ ሆነ።

የእኛ መኪና የሚመጣው በማግስቱ ነበር። ደግነቱ ጨነቅ የመኪና መንገድ አለው። እዚያ ያደሩ ሌሎች መንገደኞች ነበሩና ስካውቱ ሄደው ሾፌሩን ለመኑልን። ሰውየው አላመነታም። ግጭ ላይ ቢሆን ኖሮ በጨለማ በቃሬዛ ወንዝ ማሻገር ነበር የሚጠብቀን። ወንድሜን ጋቢ ጠቅልለን፣ ቀና አድርገን አስቀምጠን፣ ወጣ ገባውን መንገድ በሌሊት ወረድን። እኔ ስሙን እየጠራሁ አወራዋለሁ፤ አንዳንዴ ይመልሳል፣ አንዳንዴ አይመልስም። ደባርቅ ስንገባ ራሱ ውኃ ጠየቀ። ሲነጋ የት እንዳለ ያውቅ ነበር። ጎንደር ወርደን ሆስፒታል ታየ። ሐኪሙ ሌላ አንድ ሌሊት ጨነቅ አድሮ ቢሆን ኖሮ ይህን አናወራም ነበር አለን።

ሐኪሙ ያስረዳንን በራሴ ቋንቋ ልንገራችሁ። ከ2,500 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ሰውነት ይህን ሊለምድ ይችላል፤ ግን ቀናት ይፈልጋል። ካልተሰጠው መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ ይነሳል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማረፍ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ችላ ተብሎ ከተወጣ ግን ሁለት ከባድ ነገሮች ሊመጡ ይችላሉ። አንዱ አንጎል ማበጥ ነው፤ ሰውየው ይንገዳገዳል፣ ይቀባጥራል፣ ይደነዝዛል። ሁለተኛው ሳንባ ውኃ መቋጠር ነው፤ ተቀምጦ እያለ እንኳ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ያስለዋል፣ አክታው አረፋማና ቀላ ያለ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በሰዓታት ውስጥ ሊገድሉ ይችላሉ። መድኃኒታቸው አንድ ነው፤ መውረድ። ኦክስጅንና ክኒን ቢኖርም መውረዱን ያግዛሉ እንጂ አይተኩትም።

ጉልበት ከዚህ አያድንም። እንዲያውም ጉልበተኛው ቶሎ ቶሎ ስለሚወጣ ቶሎ ይያዛል። የምትጠራጠሩት ሰው ካለ መሬት ላይ መስመር አስምሩና ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት እያገናኘ እንዲራመድ አድርጉት። ከተንገዳገደ ሌላ ማስረጃ አትጠብቁ። ምን በላ፣ ምን ጠጣ የሚለውን ክርክር ከወረዳችሁ በኋላ ትደርሱበታላችሁ። ከፍታ ላይ ራሱን ያመመው፣ ያስታወከ ሰው ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ ከፍታው እንደያዘው ቁጠሩት። ብቻውን ግን እንዳይወርድ፤ ጤነኛ ሰው ይከተለው።

ለመከላከሉ ደንቡ ቀላል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ባይርቅ። በየሦስት አራት ቀኑ አንድ ቀን እዚያው ማረፍ። ቀን ከፍ ብላችሁ ዋሉ፣ ማታ ዝቅ ብላችሁ እደሩ። ስሜን ላይ ይህ ማለት መጀመሪያ ደባርቅ ማደር፣ ቀጥሎ ሳንቃበር 3,250 ላይ፣ ከዚያ ግጭ፣ ከዚያ ጨነቅ ነው። 4,430 ሜትር የሆነውን ቧሂትን ወጥታችሁ እንኳ ተመልሳችሁ ጨነቅ ታድራላችሁ። ውኃ ጠጡ። አረቄውን ለደባርቅ አቆዩት፤ የእንቅልፍ ክኒንም አትዋጡ። ዳያሞክስ የሚባል መከላከያ ክኒን አለ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክራችሁ ውሰዱ እንጂ ጓደኛ ስለሰጣችሁ አትዋጡት፤ ሰልፋ የሚባለው የመድኃኒት ዓይነት ለማይስማማው ሰው ችግር ሊያመጣ ይችላል።

ስለ ብርዱ ብዙ አልልም። ሌሊት ውኃው በረዶ ይሆናል፤ የረጠበ የጥጥ ልብስ ለብሳችሁ አትቀመጡ፣ አንድ ደረቅ ቅያሬ ሁልጊዜ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ። የመንገዱን ሰላም ከመነሳታችሁ በፊት ከደባርቅ ሰዎች ጠይቁ።

በዓመቱ ተመልሰን ሄድን፤ እኔና ወንድሜ፣ በቂ ቀን ይዘን። ደባርቅ ስናድር እኒያ ስካውት ቤታቸው ጠሩን። አስተዳደጋቸው ግጭ መንደር ነው። የግጭ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ነው፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገብቶ የወጣው በ2017 ነው። እኛ ቅርስ ስንለው እሳቸው የሚሉት ግጦሽ፣ ገብስ ማሳ፣ የቀጋ ቁጥቋጦ ነው። ቁጭ ብዬ ስሰማቸው ያን ማታ ያዳነን እውቀት ከየት እንደመጣ ገባኝ።

ባለቤታቸው ሳማ ሠርተው አቀረቡልን። መጀመሪያ ለእንግዳ አይቀርብም ብለው አፍረው ነበር፤ የችጋር ምግብ ነው ብለው። እኔ ነኝ የለመንኳቸው። ሳማው የስሜን ልጅ ነው። ሳይንሳዊ መጠሪያው ኡርቲካ ሲሜንሲስ ነው፣ በዓለም ላይ የሚበቅለውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ለጋውን ጫፍ በተሰነጠቀ እንጨት ቆንጥጠው ይለቅማሉ፤ በእጅ ከተያዘ ይለበልባል። ከዚያ በደንብ ይቀቀላል፤ ሲበስል መለብለቡ ይጠፋል። ተከትክቶ ጨውና ቃሪያ ይገባበታል፣ በገብስ ዱቄት ይወፍራል። በእንጀራ በላነው። ጎመን መሰለኝ፤ ግን ጠንከር ያለ የአፈር ጣዕም አለው። ክረምት ላይ ጎተራ ሲራቆት፣ አዲሱ እህል ሳይደርስ፣ ብዙ ቤት ያሻገረው እሱ ነው አሉን። አያቶቻቸው ስለ ክፉ ቀን ሲያወሩም ሳማ ይነሳ ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከብት በበሽታ አልቆ፣ የሚያርስ በሬ ጠፍቶ፣ ሰው ቅጠል ለቅሞ ሥር ቆፍሮ የበላበት ዘመን ነው። ለእኔ ይሄ የሚያሳፍር አይደለም። ሰው ያቆየ እውቀት ነው፤ በቃል ብቻ እዚህ ደርሷል።

እንዲህ ያለውን እውቀት ከውጭ መጥተው የመዘገቡም ነበሩ። ጀርመናዊው ሺምፐር እ.ኤ.አ. ከ1837 ጀምሮ በ1878 እስኪሞት ድረስ አገራችን ኖሮ የስሜንና የትግራይን ዕፅዋት ሰብስቧል። የጦስኛችን ሳይንሳዊ ስም ቲመስ ሺምፐሪ የተባለው በእሱ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የደፉባት ደረስጌ ማርያም ስትሠራም እጁ አለበት። ዕፅዋቱን ያሳዩት እረኞችና ሴቶች ግን ስማቸው የትም አልተጻፈም። ይሄ ሁልጊዜ ያናድደኛል።

የስካውቱ ትምህርት መሪ ቃሉ አንድ ነው፦ የማታውቁትን አትቅመሱ። አጋም፣ እንጆሪ፣ ኮሸም፣ ቀጋ ልጅ የሚበላው ነው፤ እነሱንም ቢሆን ከሚያውቅ ሰው እጅ። እንዶድ ግን ፍሬው ዘለላ ሆኖ ሲያምር አያታላችሁ። ልብስ ማጠቢያ ነው፤ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያገኙት እሱን ነው። ሆድ ውስጥ የሚገባ አይደለም። አጤ ፋሪስ የሚባለው በየመንደሩ ጥግ የሚበቅለው ደግሞ ዘሩም ቅጠሉም አፍ ያደርቃል፣ ያስቀባጥራል፣ ሊገድልም ይችላል። ስካውቱ ያን ማታ "ሌላ ቅጠል ቀምሷል ወይ?" ያሉኝ ለዚህ ነበር። ክረምት ላይ የሚበቅለውን የጅብ ጥላ፣ እንጉዳዩን ማለቴ ነው፣ ጨርሶ አትንኩ። የሚበላውን ከመርዛማው የሚለይ የቤት ዘዴ የለም። ኮሶን በተመለከተ፣ ድሮ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሁሉ በየሁለት ወሩ ይጠጣው እንደነበር ታውቃላችሁ። መጠኑን የሚያውቅ አዋቂ ነበር የሚሰጠው። ሲበዛ መርዝ ነው፤ ነፍሰ ጡር ፈጽሞ አትቀምሰውም። ዛሬ የኮሶ ትል መድኃኒት ፋርማሲ አለ።

ፓርኩ ውስጥ ደግሞ ምንም መቁረጥ፣ ምንም መልቀም ክልክል ነው። ጦስኝ ካማራችሁ ደባርቅ ገበያ ግዙ። ሴቶቹ አድርቀው በስፍር ይሸጡላችኋል፤ ገንዘቡም ለሚገባቸው ሰዎች ይደርሳል።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ጉዞውን የሚያዘጋጅላችሁን ሰው ይህን ጠይቁት። የመጀመሪያዋን ሌሊት የት ነው የምናድረው፣ ስንት ሜትር ላይ? ከዚያስ በየሌሊቱ ስንት ሜትር እንጨምራለን? አንድ ሰው ቢታመም መኪናው የት ነው ያለው፣ በሌሊት ይመጣል ወይ? የታመመ ሰው የሚጭን በቅሎ ከእኛ ጋር ይሄዳል? ስካውቱና አስጎብኚው ተራራው ላይ "ውረዱ" ቢሉ ገንዘባችን ሳይቃጠል መውረድ እንችላለን? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉት። "አይዞን፣ ምንም አትሆኑም" ብሎ ብቻ ካለፋችሁ ሌላ አዘጋጅ ፈልጉ።